ጥንቸል በጥጋብ ለምን ትሞታለች?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን፣ በእንስሳት እንክብካቤ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነበበ ንግግር)



ከኛ በፊት የተናገሩት ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ፣ ስለ ኳስ ቡድኑና ስለ ፈተና ውጤት በሰፊው ነግረዋችኋል። እኛ ደግሞ እንድንናገር የታዘዝነው ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ስላለው የጥንቸል ቤት ነው። ነገሩ ለእንዲህ ያለ ቀን አነስተኛ ነው የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ባለፈው የመስቀል በዓል ሰሞን ከዘጠኝ ጥንቸሎች አራቱ በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ሞቱ፣ ከሞቱም በኋላ «ቤቱ ይዘጋ» የሚል አሳብ ስለ ተነሣ፣ ምክንያቱን በግልጽ መናገር ተገቢ መስሎናል። ከዚህም በላይ በቦንጋና በአካባቢዋ ያሉ ብዙ ልጆች ከዚሁ ቤት የተወለዱትን ግልገሎች ወስደው በየቤታቸው ያሳድጋሉ። ስለዚህ ነገሩ የክበቡ ብቻ አይደለም።

በዚያ ሳምንት ብዙ ተወራ። አንዱ «የሰው ዐይን በላቸው» አለ። ሌላው «በሽታ ገብቷል፤ የቀሩትም ሳይሞቱ ይወገዱ» አለ። ከታናናሾቹ ተማሪዎች አንዱማ ብርድ መስሎት የገዛ ሹራቡን አምጥቶ ሣጥኑን ሸፈነው። እኛ ግን አንድ ነገር ልብ አልን። የሞቱት የከሱት አልነበሩም። የሞቱት በፊተኛው ረድፍ፣ በመተላለፊያው በኩል የነበሩት፣ ከሁሉ ይልቅ የተወደዱትና የወፈሩት ናቸው። እንግዳ በማይደርስበት በኋለኛው ረድፍ ከነበሩት ከአምስቱ ግን አንዳቸውም አልታመሙም።

በቤቱ በር ላይ የተሰቀለ ደብተር አለ። ተረኛው ተማሪ ጧትና ማታ የተሰጠውን መኖ ይጽፍበታል። ደብተሩን ስናገላብጥ ለኋለኛው ረድፍ «ሰርዶ፣ ውኃ» ከሚል በቀር ሌላ ነገር አላገኘንም። ለፊተኛው ረድፍ ግን ከደመራ ማግሥት ጀምሮ የተጻፈው የድግስ ዝርዝር ይመስላል፤ የስንዴ ዳቦ፣ የገብስ ቆሎ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ሙዝ፣ አንድ ቀን ደግሞ «ጥቂት ገንፎ» ይላል። ይህን የሰጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። በዓል ነበረና ማንም ባዶ እጁን አልመጣም። በአገራችን ፍቅር የሚገለጠው በጉርሻ ነው፤ ጥንቸል ግን ጉርሻ የማይስማማት ፍጥረት ናት። በኋላ የጠየቅናቸው የእንስሳት ሐኪምም ደብተሩን አንብበው ሌላ ምክንያት መፈለግ እንደማያስፈልገን ነገሩን።

እንግዲህ ሆዷ እንዴት እንደ ተሠራ እንመልከት። ላምና በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ ስላላቸው ሣሩን መጀመሪያ እዚያ አብላልተው፣ ወደ አፋቸው መልሰው ያመሰኩታል። የጥንቸል ጨጓራ ግን እንደኛው አንድ ብቻ ነው። ሣሩን የምታብላላበት ቦታ ከጨጓራዋ በታች፣ ትንሹና ትልቁ አንጀት በሚገናኙበት ላይ ነው፤ ይኸውም ከጨጓራዋ የሚበልጥ ሰፊ ከረጢት ነው። በዚህ ከረጢት ውስጥ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አሰሩን የሚያብላሉላትና ወደ ምግብነት የሚለውጡላት እነርሱ ናቸው። ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ይህን ከማናችንም ይልቅ ያውቁታል፤ ጥንስሱ ሲያምር ጠላው ያምራል፣ ጥንስሱ ከተበላሸ ግን ጋኑ በሙሉ ይደፋል።

ይህ ጋን የሚወደው ሻካራ ነገር ነው። የጥንቸል አንጀት የሚንቀሳቀሰው በአሰር ግፊት ስለ ሆነ፣ አሰር ሲያንስ አንጀቱ ይዘገያል። ሲዘገይ በውስጡ ያለው ምግብ ይደርቃል፣ አየር ይሞላል፣ እንስሳዪቱም ሕመም ይሰማታል። ስትታመም መብላት ትተዋለች፤ መብላት ስትተው ደግሞ አንጀቱ ከነጭራሹ ይቆማል። እያንዳንዱ ችግር ሌላውን እየጠራ ይሄዳል ማለት ነው። ዳቦና ቆሎ በዚህ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራሉ። በሚገባ ሳይፈጭ የቀረው ስታርች ወደ ከረጢቱ ሲወርድ ደጎቹን ሳይሆን ክፉዎቹን ባክቴሪያዎች ያበዛል፤ እነርሱም ጋዝና መርዝ ይሠራሉ። ከጡት ገና የተለዩ ግልገሎች ጥንስሳቸው ስላልጸና በዚህ ጊዜ የሚያልቁት በአንድ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ግልገልን ከእናቷ ለይቶ ለልጅ ስጦታ መስጠት በክበባችን የተከለከለ ነው።

ጥንቸል ደግሞ ማስታወክ አትችልም። ውሻ የማይስማማውን ቢበላ ይተፋዋል፤ ልጅም እንዲሁ። ጥንቸል ግን አንድ ጊዜ የዋጠችውን የምትመልስበት መንገድ አልተሰጣትም። ጥርሷም ዕድሜዋን በሙሉ ያድጋል፤ የፊት ጥርሷ በዓመት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህን የሚሞርደው ሣር ማኘክ ነው። በለስላሳ ምግብ ያደገች ጥንቸል መንጋጋዋ ያለ ልክ እየረዘመ ምላሷንና ጉንጯን ይወጋታል። ከዚያ በኋላ ርቧት ሳለ ምግቡን አሽትታ ትተወዋለች፤ እኛም ጠግባለች እንላለን።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ነገር እንናገር፤ ብዙዎቻችሁ ትጠየፉት ይሆናል። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ ትጥላለች። አንደኛው በየሣጥኑ ሥር የምናየው ክብና ደረቅ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ፣ እርስ በርሱ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው፤ እርሱን ግን ብዙ ጊዜ አናየውም፤ ሲወጣ ወዲያው መልሳ ትበላዋለችና። ይህ በሽታ ወይም ርኩሰት አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ የተዘጋጀውን ገንቢ ምግብና ቫይታሚን የምታገኘው በዚህ መንገድ ነው። ሞሮ የተባለ የፈረንሳይ የእንስሳት ሐኪም ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1882 በጽሑፍ ገልጦታል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሚያመሰኩት ጋር እንደሚቆጥራት በሰንበት ትምህርት ተምረናል፤ እንደ ላም አታመሰኳም የሚሉም አሉ። እኛ ወደዚያ ክርክር አንገባም፤ ነገር ግን የዱሯም የቤቷም ጥንቸል ምግቧን ሁለት ጊዜ በአፏ እንደምታሳልፈው እርግጥ ነው። ለአሳዳጊ የሚጠቅመው ይህን ማወቅ ነው፤ ያ ለስላሳ በጠጥ ሳይበላ በሣጥኑ ወለልና በጅራቷ ላይ ተለጥፎ ከተገኘ ምግቡ ከልክ በላይ ለስልሷል ወይም ከብዷል ማለት ነው። እውነተኛ ተቅማጥ ግን እንደ ውኃ የሚፈስ ነው፤ ያኔ አንድ ሰዓት እንኳ መዘግየት አይገባም።

«ታዲያ በሣር ብቻ እንዴት ትኖራለች?» ብለው የጠየቁን አባት ነበሩ። እኛም ስለ አውስትራሊያ ነገርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1859 ከእንግሊዝ አገር ለአደን መዝናኛ የተወሰዱ ጥቂት ጥንቸሎች እዚያ ሜዳ ላይ ተለቀቁ። ዳቦ የሰጣቸው፣ ቆሎ የበተነላቸው ማንም አልነበረም። ተባዝተው የዚያን ሰፊ አገር ሣር ከበጎች ጋር እስከ መሻማት ደረሱ፤ ሕዝቡም በአጥርና በመርዝ ሊያስቆማቸው አቃተው። እኚያ አባት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ እንግዲያውስ እኔ ቤት ያለችው በእኔ ልግስና ነው የምትሞተው» አሉ። ሣቁ የርሳቸው ነበር፤ እኛ በፊታቸው አልሣቅንም።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ካፋ እንመለስ። እዚህ ሣር አያጥርም፤ የሚያጥረው ደረቅ ቀን ነው። ዝናቡ ከዓመቱ ብዙውን ወር ይይዛል፤ ሰርዶውም ደሾውም ዝሆኔ ሣሩም ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ ሣር በራሱ መርዝ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ትክክል አይደለም። ጤና የሚነሣው ታጭዶ በጆንያ ተጠቅጥቆ ያደረ፣ እጅ ሲያገባበት የሚሞቅ ሣር ነው። እርሱ መብላላት የጀመረው ከጥንቸሏ ሆድ ውጭ ነውና ውስጥ ገብቶ ይነፋታል። ሌላው ጉዳት ድንገተኛ ለውጥ ነው፤ ድርቆሽ የለመደችውን በዝናብ መባቻ ለጋ ሣር ያለ ልክ ማጥገብ ጥንስሱን ያናጋዋል። አዲስ መኖ ሲመጣ ከጥቂቱ ጀምሮ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ድርቆሽ ማዘጋጀት ነው። ይህን የምንሠራው ዝናቡ ፋታ በሚሰጥበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ሣሩ ሳያፈራ፣ ግንዱ እንጨት ሳይሆን፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላ ይታጨዳል። ስስ ሆኖ ይሰጣል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ ማታ ማታ ይሰበሰብና ይሸፈናል። ፀሐይ ካገኘ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይደርሳል። መድረሱ የሚታወቀው ሲጠመዝዙት እርጥበት ሳይተው ኮሽ ሲል፣ መልኩ ግን ገና አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ነው። ቡናማ ከሆነ ዘግይቷል። ከዚያ መሬት በማይነካበት ቆጥ ላይ ይቀመጣል። እናቶቻችን በቆሎ የሚሰቅሉበት ቆጥ መልካም ነው፤ ጢስ የሚበዛበት ከሆነ ግን ጥንቸሏ አትወደውም። ሻጋታ የሸተተ ወይም ሲያራግፉት የሚያቦን ድርቆሽ ለማዳበሪያ ይሁን እንጂ ለጥንቸል አይሁን። ጭድና ገለባም ለመኝታ ይሆናሉ፤ ለምግብ ግን ድርቆሽን አይተኩም።

ይህ ድርቆሽና ንጹሕ ሣር ሌት ተቀን ሳይቋረጥ በፊቷ መገኘት አለበት። ከርሱ ጋር በቀን አንድ እፍኝ ቅጠል፣ እንደ ስኳር ድንች ሐረግ ያለ፣ ይበቃል። ጎመን በጥቂቱ ይሰጣል፤ ጥቅል ጎመን ሆድ ስለሚነፋ ብንተወው እንመርጣለን። ካሮት በሥዕል መጻሕፍት ሁሉ የጥንቸል ምግብ ተደርጎ ይሣላል፤ ሥሩ ግን ስኳር ስለ ሆነ እንደ ከረሜላ ሊቆጠር ይገባል፤ ቅጠሉ ይሻላል። ሙዝም እንዲሁ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ቁራጭ በሳምንት አንድ ጊዜ። ውኃ በየቀኑ ይለወጥ፤ ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ50 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ትጠጣለች። ውኃ ያጣች ጥንቸል ድርቆሹንም ትተዋለች።

በጓሮአችን ከሚበቅሉት ፈጽሞ የማይሰጡ አሉ። አቮካዶ ቅጠሉም ፍሬውም ልጣጩም ለጥንቸል መርዝ ነው፤ በዛሬ ጊዜ ደግሞ በቦንጋ አካባቢ አቮካዶ የሌለበት ጓሮ ማግኘት ያስቸግራል። ጥሬ የጎደሬ ቅጠል አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል አይሰጥም። ቡናችንም፣ የዓለም ሁሉ መጠጥ ቢሆንም፣ በቅጠሉም በገለፈቱም ካፌይን አለበትና ለእንግዳ እንጂ ለጥንቸል አይቀርብም።

አሁን ሕመሙ ሲመጣ በምን እንደሚታወቅና ምን እንደሚደረግ እንናገር። ጥንቸል የአዳኝ ምግብ ሆና የኖረች ፍጥረት ስለ ሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ አትጮኽም። የሚናገርላት በጠጧ ነው። ጧት ሣጥኑን ስንጠርግ በጠጡ አንሶ ወይም ደቅቆ ከተገኘ፣ ወይም ጨርሶ ከሌለ፣ ያ የመጀመሪያው ደወል ነው። ቀጥሎ ጥግ ይዛ ትኮማተራለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ የምትወደውን ቅጠል እንኳ አሽትታ ትተዋለች፣ ጆሮዋ ይቀዘቅዛል። ጤነኛ ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት የምትበላ ናት፤ ስለዚህ 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳትበላ ከቆየች ነገሩ እስከ ነገ የሚያድር አይደለም።

ሕመሙ ገና ከጀመረ፣ ሆዷም ለስላሳ ከሆነ፣ እህልና ፍራፍሬ ፈጽሞ ይነሣል፤ ድርቆሽ፣ ትኩስ ንጹሕ ሣርና ውኃ ይቀርባል። ሙቅ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ በአጠገቧ ይደረጋል። ከሣጥኑ ወጥታ ወለል ላይ እንድትንቀሳቀስ ይደረጋል፤ መንቀሳቀስ አንጀቱን ይረዳዋልና። የምትውጥ ከሆነ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ በአፏ ጎን ለብ ያለ ውኃ በጠብታ መስጠት ይቻላል፤ በጀርባዋ አጋድሞ ማጠጣት ግን ወደ ሳምባዋ ስለሚገባ ይገድላታል። ሆዷ እንደ ከበሮ የተወጠረ እንደ ሆነ ግን ምንም ነገር በአፏ አይደረግ፣ ሆዷም አይታሽ፤ አንጀቷ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ሳይጠፋ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ብቻ ነው። ሁሉም የሆድ ሕመም ከምግብ ነው ማለታችንም አይደለም። ኮክሲዲያ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በእርጥብና በቆሸሸ ቤት ውስጥ ግልገሎችን በተቅማጥ ይፈጃል። ያን የሚለየው በጠጡን በማይክሮስኮፕ የሚያይ ሐኪም ነው፤ መድኃኒቱንም የሚያዘው እርሱ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ዛሬ ወላጆች እንዲሰሙልን የፈለግነው ስለ መድኃኒት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ጥንቸሉ ለስላሳ በጠጥ ጣለችበት። እንቁላል ሸጦ በጠራቀመው ገንዘብ ያሠራላት ሣጥን ውስጥ የምትኖር፣ ደኅና የምትበላ ጥንቸል ነበረች። በቤት ውስጥ ለሰው ሕመም ተገዝቶ የተረፈ አሞክሲሲሊን ነበርና ካፕሱሉን ከፍተው በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ከሁለት ቀን በኋላ ተቅማጡ እንደ ውኃ ሆነ፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ልጁም «መድኃኒቱ ዘግይቶባት ነው» ብሎ እስከ ዛሬ ያምናል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሌሎች የፔኒሲሊን ወገኖች በአፍ ሲሰጡ በከረጢቱ ውስጥ ያሉትን ደግ ባክቴሪያዎች ይፈጃሉ፤ ቦታውንም መርዝ የሚያወጡት ይይዙታል። ለሰው ልጅ ሕይወት የሆነው ያው መድኃኒት የጥንቸልን ጥንስስ ይገድላል። ያች ጥንቸል የሚያስፈልጋት ድርቆሽና ሁለት ቀን ትዕግሥት ነበር። ስለዚህ እባካችሁ፣ ከሰው የተረፈ ካፕሱል ለጥንቸል አትስጡ፤ «የከብት ነው» ተብሎ የተሸጠም ቢሆን ሐኪም ሳያዝዝ አትስጡ።

«ሥጋዋ አይበላ፤ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚል ጥያቄም በየጊዜው ይቀርብልናል። የብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ጥንቸል እንዳይበላ ማዘዟን እናውቃለን፤ ክበባችንም ለሥጋ አያረባም። በጠጡ ለአትክልት ቦታችን መልካም ማዳበሪያ ነው፤ ዘንድሮ የመምህራን ምግብ ቤት የገዛው ጎመን በርሱ ያደገ ነው። ሌላው ጥቅም ግን በሚዛን አይለካም፤ ራሷ መናገር የማትችልን ፍጥረት ጧት በጠጧን ቆጥሮ ደኅንነቷን ማወቅ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ርእሰ መምህራችን አሳባችንን ከሰሙ በኋላ ቤቱ እንዳይዘጋ ፈቅደዋል። ፊተኛው ረድፍ ከመተላለፊያው ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ተዛውሮ አጥር ተደርጎለታል። እኛ ሰኔ ላይ ስንሄድ ቁልፉንና ደብተሩን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ይረከባሉ፤ በቆጡ ላይ ያለው ድርቆሽም እስከ መስከረም ይበቃቸዋል ብለን እንገምታለን።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ለእንግዶች ክፍት ነው። በበሩ በስተቀኝ ጧት የታጨደ ሰርዶ የሞላበት ቅርጫት ተቀምጧል፤ ለጥንቸሎቹ መስጠት የምትፈልጉ ከዚያ እየወሰዳችሁ ስጡ። ዳቦ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ለተረኞቹ ተማሪዎች ስጧቸው፤ እነርሱን ዳቦ አያሳምማቸውም።